የሊሊሴ ምጥ ለጸሎት ሲቀርብ

ውኃ ውስጥ የሚወለድ ልጅ በምን ይተነፍሳል?

ወይዘሮ ዓባይነሽ ይህን ጥያቄ ሽንኩርት ሲልጡም፣ ለዶሮዎቹ ጥሬ ሲበትኑም፣ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጠው ስብከት ሲሰሙም ያገላብጡታል። መልስ አላገኙለትም። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል፤ ሳንባ ምን እንደሚሠራ ያውቃሉ። ዓሣ አይደል፣ እንቁራሪት አይደል፣ የሰው ልጅ ነው። የሰው ልጅ ደግሞ ውኃ ውስጥ ይሰጥማል እንጂ አይወለድም።

ነገሩን ቤት ያስገባችው የልጅ ልጃቸው ሊሊሴ ናት። ሊሊሴ ነቀምቴ መሀል ከተማ አንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ከባሏ ከባይሳ ጋር በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ግን የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደውና፣ ልብሷን ጠቅልላ ጨለለቂ ሰፈር አያቷ ቤት ከመጣች ሰንብታለች። እናት የላትም። አባቷ ሌላ አግብቶ ጊምቢ ገብቷል። ያሳደጓት ወይዘሮ ዓባይነሽ ናቸው።

«አኮ፣ ነይ እይማ» አለች አያቷን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ያበጠ እግሯን ሶፋው ላይ እንደሰቀለች።

ስልኳ ላይ አንዲት ፈረንጅ ገንዳ ውስጥ ተንፈላስሳ ታቃስታለች። ባሏ ጀርባዋን ያሻል። ድንገት ልጁን ከውኃው ውስጥ አውጥተው ደረቷ ላይ አስተኙላት።

«ያ ዋቅ! አምላኬ! ሰጠመ!»

«አልሰጠመም። ያውልሽ፣ እያለቀሰ።»

«ቅድም ውስጥ እያለስ? በምን ተነፈሰ?»

«በእትብቱ ነዋ! ሆድ ውስጥም እኮ የኖረው ውኃ ውስጥ ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ በምን ተነፈሰ ብለሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

ጠይቀው አያውቁም። ያኛው የእግዚአብሔር ሥራ ነው። ይሄኛው ፕላስቲክ ነው።

ገንዳውን ያመጣው ባይሳ ነው። የኬሚስትሪ መምህር ነውና ነገር ሁሉ ተሞክሮ መታየት አለበት ባይ ነው። አዲስ አበባ ለሄደ ሰው ልኮ ያስመጣው የሕፃናት መዋኛ ነበር፤ ዙሪያውን ቢጫ ዳክዬ ተሥሎበታል። በብስክሌት ፓምፕ እየነፋ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ሳሎኑን ሞላው። ቴሌቪዥኑ ወደ ጥግ ተገፋ።

«ዳክዬዎቹ ናቸው የሚያዋልዷት?» አሉ ወይዘሮ ዓባይነሽ።

«ረዳቶች ናቸው፣ እማማ። ዋናዋ እርስዎ ነዎት።»

«ሂድ ወዲያ! ውኃውስ? ቧንቧው እንደሆነ ሲፈልግ ነው የሚመጣው።»

«ሮቶውን ሞልቼዋለሁ።»

«መብራት ሲጠፋ በምን ታሞቀዋለህ?»

«በከሰል።»

«እሷስ አቅም ቢያንሳት ከዚያ ውስጥ ማን ያወጣታል?»

«እኔ።»

ለሁሉም መልስ አለው። መልሱ በበዛ ቁጥር ወይዘሮ ዓባይነሽ የባሰ ይፈራሉ።

የሊሊሴ እናት፣ ልጃቸው ቦንቱ፣ ቤት ውስጥ ነበር ያማጠችው። ያኔ ገጠር ነበሩ፣ ከሲሬ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ሁለተኛ ልጇ ስለነበር ማንም አልተጨነቀም። የተሰበሰቡት ሴቶች «ቻይው፣ አትጩኺ፣ ጎረቤት ይሰማል» ይሏት ነበር። ቦንቱ ጮኸች። በኋላ መጮኹም አቃታት። ያኔ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መኪና መንገዱ አወጧት። መኪና ተገኘ፤ ነቀምቴ ግን አልደረሰችም። ልጁም አልተረፈ። ሊሊሴን ያን ጊዜ ጎረቤት ቤት ወስደው ደብቀዋት ነበርና፣ ወይዘሮ ዓባይነሽ ልጅቷ ምንም አልሰማችም ብለው ነው የኖሩት።

«ሰምቻለሁ እኮ» አለቻቸው ሊሊሴ፣ ገንዳው በተነፋ ዕለት፣ ባይሳ ከወጣ በኋላ። «የሰማሁት ጩኸቷን ብቻ አይደለም። ዝም በይ ሲሏትም ሰምቻለሁ። እኔ የምፈራው ሕመሙን ነው፣ አኮ። መሞቱን አይደለም።»

እሳቸው የሚፈሩት መሞቱን ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ሶረቲ መጣች። ሶረቲ የሊሊሴ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት፤ አሁን አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆናለች። ገንዳውን ስታይ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ሊሊ፣ ስሚኝ። እዚህ ውስጥ ልጅ አልቀበልልሽም። ደም ቢፈስሽስ? ልጁ አልተነፍስ ቢልስ? እንደዚህ የሚያዋልዱት በር ላይ አምቡላንስ አቁመው፣ ሐኪም ጎን ላይ አስቀምጠው ነው።»

«እሺ፣ በወገብ የሚሰጠው ማደንዘዣስ?»

«እሱ እዚህ ለኦፕራሲዮን ነው። ለምጥ የሚሰጥሽ አታገኚም።»

«የሚሳበው ጋዝ?»

«የለም።»

«ፔቲዲን የሚባለው የሕመም ማስታገሻስ? እኛ መድኃኒት ቤት በሐኪም ማዘዣ ይጠየቃል።»

«መርፌው አንዳንዴ ይሰጣል፤ ልጁን ግን ያፈዘዋል። እሱን ተወግተሽ ደግሞ ውኃ ውስጥ አትገቢም።»

«ታዲያ ለእኔ ምን ተረፈኝ?» አለች ሊሊሴ። ድምጿ ቀጠነ።

ሶረቲ አጠገቧ ተቀመጠች። «ሞቅ ያለው ውኃ ተረፈሽ። ምጡ ሲጀምርሽ ደውዪልኝ፣ እመጣለሁ። ገንዳው ውስጥ ትቀመጫለሽ፣ ወገብሽ ይፍታታል። ሙቀቱ እንዳይበዛ እንዳያንስ፣ ውኃው እንደ ሰውነትሽ ሙቀት ነው የሚሆነው። የልጁን ልብ እያዳመጥኩ እቆያለሁ። ምጡ ሲጠና ትወጫለሽ፣ ባጃጅ በር ላይ ይጠብቃል፤ ሆስፒታሉ እዚሁ ነው። እዚያ አልጋ ላይ ትወልጃለሽ። ውኃው ለማማጡ ነው፣ ለመውለዱ አይደለም።»

«ከዚያ ወዲያስ?»

«ከዚያ ወዲያ ሰው ነው የሚያስፈልግሽ። ጀርባሽን የሚያሽልሽ፣ ጩኺ፣ ልቀቂው የሚልሽ። ማዋለጃው ክፍል አንድ ሴት ብቻ ያስገባሉ።»

«አኮ ነቻ!» አለች ሊሊሴ። አላመነታችም።

ወይዘሮ ዓባይነሽ የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ ደግመው ጠቀለሉት። «እኔ ደም ሳይ ልቤ ይጠፋል እኮ፣ ልጄ።»

«አንቺ ነሽ የምትገቢው። ሌላ ሰው አልፈልግም።»

ሶረቲ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። «እማማ፣ አደራ። የምመጣው ከሥራዬ ውጪ ነው። ቤት ለቤት ታዋልዳለች የሚል ወሬ አለቃዬ ጆሮ ከገባ አለቀልኝ። ምጡን ብቻ ነው ብል ማን ያምነኛል? ለማንም እንዳይናገሩ።»

«ምን ሆኜ እናገራለሁ!» አሉ። ከልባቸው ነበር።

ሐሙስ የሴቶች ጸሎት አለ። ወይዘሮ ዓባይነሽ የጎጃም ሰው ልጅ ናቸው፤ ይህን የወንጌላውያን ጸሎት የለመዱት ሟቹን ባላቸውን ቶላን አግብተው ነው። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ቀርተው አያውቁም። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና እያንዳንዷ ተራዋ ሲደርስ ልቧን የከበዳትን ትናገራለች። የቀሩት ተቀብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ባንድ ላይ ይጸልዩበታል። የባሏ ስካር፣ የልጇ ፈተና፣ የማኅፀን ደም፣ ሁሉም እዚያ ይወጣል። ሸፋፍኖ ማስጸለይ ግን አይወደድላትም፤ እምነት እንዳነሳት ይቆጠርባታል።

ወይዘሮ ዓባይነሽ አጭር ነገር አስበው ነበር የሄዱት።

«የልጅ ልጄን አስቡልኝ። ወሯ ነው።»

«አሜን» አለች ጸሎቱን የምትመራው አዴ ብርቄ። «ግን ፊትሽ ጠቁሯል፣ ዓባይነሽ። ምንድን ነው የሚያስጨንቅሽ?»

«ያው… መውለድ ነው።»

«መውለድማ ሁሉም ይወልዳል። ግልጽ አድርጊው እንጂ፣ ምን ላይ በጸሎት እንደምንቆም እንወቅ። እኛ ባዳ ነን?»

ባዳ አይደሉም። ቶላን ሲቀብሩ አብረው የቆሙ፣ ለቦንቱ ያለቀሱ ሴቶች ናቸው። ወይዘሮ ዓባይነሽ ጀመሩት፤ ከጀመሩት በኋላ ማቆሙ አቃታቸው። ገንዳውን ተናገሩ፣ ዳክዬዎቹን፣ ከሰሉን፣ እትብቱን፣ ሊሊሴ ሕመሙን መፍራቷን ሳይቀር። «ሶረቲ የምትባል አዋላጅ ቤት ድረስ ልትመጣ ቃል ገብታለች፤ ጌታ እጇን ይባርክላት» አሉ። ስሟን የጠሩት በረከቱ ለሌላ ሰው እንዳይሄድባት ብለው ነው። መውለዱ ሆስፒታል መሆኑንም ተናግረዋል። ግን ያን ጊዜ እያለቀሱ ስለነበር ማንም አልሰማውም።

ሴቶቹ ተነሥተው ጸለዩ። አዴ ብርቄ እጇን ትከሻቸው ላይ ጭና እስኪያልባት ድረስ ጸለየች። ወይዘሮ ዓባይነሽ ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱ አጠረላቸው። ለሊሊሴ ብርቱካን ገዙ። ያን ሳምንት ሙሉ አፍነው የያዙት ትንፋሽ ወጣላቸው።

በማግሥቱ ገበያ ውስጥ ጎመን የሚገዙባት ሴት ከሩቅ ተጣራች። «አካም ቡልቴ፣ ዓባይነሽ! ልጅቷ ዋና ለመደች ወይ?»

አጠገቧ ያሉት ሳቁ። ወይዘሮ ዓባይነሽ ጎመኑን ሳይገዙ ተመለሱ። ሊሊሴ ስትመለስ የጎረቤቱን ወሬ እንዳትሰማ ብለው ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉ፤ ከመድኃኒት ቤት ስትመጣ ግን ፊቷን አይተው ሰምታለች አሉ በልባቸው። ራት ላይ ብርቱካኑን ልጠው ሰጧት፤ ሳትበላው ቀረች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዴ ብርቄ ሦስት ሴቶች አስከትላ መጣች። በደግነት ነው የመጡት፤ ዳቦና ስኳር ይዘዋል። ገንዳውን ከበው ቆሙና አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ሊሊሴ ኮ፣ የኔ ልጅ» አለች አዴ ብርቄ፣ የልጅቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ «ሕመሙን አትሽሺው። ከሔዋን ጀምሮ የሴት ዕጣ ነው። ይኸው እኛ ሁላችንም ችለነዋል።»

«እናቴ አልቻለችውም፣ አዴ ብርቄ።»

አንዷ ሴት አሳላት። አዴ ብርቄ ዓይኗን ጨፍና ጸሎት ጀመረች፣ የቀሩት ተከተሏት። የሊሊሴ ስልክ ጸሎቱ መሀል ጠራ። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ወይዘሮ ዓባይነሽ አሜን እያሉ ጆሯቸው ጓዳ ነበር።

«እሺ» ትላለች ሊሊሴ። «እሺ፣ ሶረቲ። አይ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ። እሺ።»

ሴቶቹ መርቀው ወጡ። ሊሊሴ ከጓዳ ወጥታ አያቷ ፊት ቆመች።

«አለቃዋ ጠርቷት ነበር። ቤት ለቤት እያዋለድሽ ነው ተብላለች። እንኳን ልትመጣ፣ ከእንግዲህ ስልኬንም ማንሣት ፈርታለች። ለማን ነው የነገርሽው?»

«ለእግዚአብሔር ነው የነገርኩት፣ ልጄ።»

«እግዚአብሔር ነው ለሶረቲ አለቃ የነገረው?»

«ሐሙስ ነው… የጸሎት ርዕስ አምጪ ሲሉኝ… ፈርቼ ነው፣ ሊሊ። እናትሽን እኔ ነኝ የተሸከምኳት። አንቺን ደግሞ—»

«እኔ ፈርቼ አልነበረም? የፈራሁትን ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩት። ለባይሳ እንኳ አልነገርኩትም። አሁን ጎመን ሻጯ ታውቀዋለች።» አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻላቸው ነበር። «አልጋው ላይ ሆኜ ብጮህ፣ ሐሙስ ይኸንንም ትነግሪያቸዋለሽ።»

ወይዘሮ ዓባይነሽ አልነግርም እንዳይሉ፣ ቅዳሜም ለሶረቲ እንዲሁ ብለው ነበር።

ሊሊሴ ባይሳን ደውላ ጠራችው። ሲመጣ በር ላይ የጎረቤት መኪና አቁሞ ነው የገባው። ዓይኑን ከወይዘሮ ዓባይነሽ እያሸሸ የሊሊሴን ሻንጣ አነሣ።

«ወዴት ነው?» አሉት።

«ሲሬ፣ እናቴ ጋ እንሄዳለን፣ እማማ። እዚያ ጤና ጣቢያ አለ።»

«ሲሬ? ቦንቱ የቀረችበትን ያን መንገድ? ሆስፒታሉን እዚህ ደጃችን ላይ ትታችሁ?»

«እሷ ናት የፈለገችው። እዚህ መውጣት መግባቱ አሳቀቃት። መድኃኒት ቤት ሳይቀር መጥተው ይጠይቋታል።»

«እዚያ ኦፕራሲዮን የሚያደርግ የለም እኮ! ቢከፋ ወደዚሁ ነው የምትመለሱት፣ ያንኑ መንገድ! ሊሊ፣ በፈለግሽው ውለጂ፣ ገንዳውም ይሁን። ከዚህ ከተማ ብቻ አትውጪ። ከእኔ ጋርም አትግቢ፣ ባይሳ ይግባ፣ ለምኖ ይግባ። እኔ ውጪ እቀመጣለሁ።»

ባይሳ ሊሊሴን አያት። ሊሊሴ መስኮቱን ነበር የምታየው። ሻንጣውን ይዞ ወጣ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እባክሽ አንድ ነገር በይኝ» አሉ ወይዘሮ ዓባይነሽ። «ስደቢኝም ግድ የለም።»

ሊሊሴ ለጫማ መጎንበስ ስላቃታት ሸበጧን አጠለቀች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እስከ በሩ ሄደችና ቆመች። አንድ እጇ ወገቧን ያዘ፣ ሌላው መቃኑን ጨበጠ። ትከሻዋ ወደ ላይ ተነሣ፣ ትንፋሿ ተቆረጠ፣ ቆየ፣ ከዚያ በአፏ ቀስ ብሎ ወጣ።

ወይዘሮ ዓባይነሽ ስንት ሴት ስታምጥ ያዩ ሰው ናቸው። ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«ጀመረሽ እንዴ? ሊሊ? ልጄ፣ ጀመረሽ?»

ሊሊሴ መቃኑን ለቀቀች። ወደ ኋላ ዘወር ሳትል፣ ደረጃውን በጥንቃቄ ወርዳ ሞተሩ ወደተነሣው መኪና ሄደች።