የሃያ ሰባት ቁጥር እናት

ተመራማሪዋ የጣሳውን ክዳን ገልብጣ ቦሎቄውን ነጭ ትሪ ላይ ስታፈሰው አንድም ፍሬ አልተሰነጠቀም። መረቁ ጥርት ብሏል። ሁለት ፍሬ አንስታ በጣቶቿ ጨመቀች፤ ወዲያው ልም አሉ።

"ሃያ ሰባት፣ ዘንድሮም አላሳፈርከኝም!" አለች ለብቻዋ።

ቶሎ የሚበስል ቦሎቄ ጣሳ ውስጥ ሲታሸግ ይፈርሳል፤ የማይፈርሰው ደግሞ እሳት ላይ ውሎም አይበስልም። ሁለቱን ጠባይ በአንድ ፍሬ ለማስታረቅ ዘሮችን ስታዳቅል ዘጠኝ ዓመት ፈጀባት፤ ካዳቀለቻቸው መካከል የተሳካላት ሃያ ሰባት ቁጥር ብቻ ነው። በዚህ መሃል ባል አግብታ ፈታለች።

ስልኳ ጮኸ። የዘረመል ክፍሉ ባልደረባዋ ነበር።

"ተቀምጠሻል?"

"ቆሜያለሁ፤ ምነው?"

"ሃያ ሰባት ያንቺ አይደለም።"

"ምን ማለት ነው የኔ አይደለም?"

"እናቱ ካልሻትም አባቱ ካልሽውም ጋር ዝምድና የለውም። ሦስቴ ደጋግሜ አየሁት። ሌሎቹ በሙሉ ልጆቻቸው ናቸው፤ ይሄኛው ግን ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እስካሁን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዝም በል ካልሽኝ ዝም እላለሁ።"

አጽዳቂው ኮሚቴ ሃያ ሰባትን ተቀብሎ ለገበሬ እንዲከፋፈል ሊወስን የቀረው አንድ ቀን ነው። መልስ ሳትሰጥ ስልኩን ዘጋችና ወደ ዘር መጋዘኑ ሮጠች።

መጋዘኑን የሚጠብቁትም የሙከራ መደቡን የሚዘሩትም አንድ ሽማግሌ ናቸው። ባርኔጣቸው ከራሳቸው ስለማይወርድ ሁሉም "ጋሽ ባርኔጣ" ይላቸዋል።

"ጋሽ ባርኔጣ፣ ሃያ ሰባትን ማን ነካው?"

ሽማግሌው ከረጢቱን አስቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ራሰ በራ መሆናቸውን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ገና ዛሬ አየች፤ ያኔ የባሰ ደነገጠች።

"አይጥ በላው፣ ልጄ። በሁለተኛው ዓመት። የዘሩን ፖስታ ባነሳው ባዶ። ቁልፉ በኔ እጅ ነው፣ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"ከቤት አምጥቼ ሞላሁት። ባለቤቴ ከምትዘራው። ነጭ ነው፣ ደቃቃ ነው፣ ቁርጥ ያንቺን! በፈተናው ይወድቃል ብዬ ነበር። አንቺ ግን በየዓመቱ እሱኑ ስትመርጪ ጊዜ... ምን ብዬ ልናገር?"

ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

"ባለቤትዎ ከየት አገኙት?"

"ከእናቷ። እንጨት የምትሸከመው ከሩቅ ነው፤ ቶሎ የማይበስል ነገር አትወድም። ከእያንዳንዱ የቦሎቄ እግር ትንሽ ትንሽ ፍሬ ለይታ ትቀቅላለች። ካልበሰለ ወይም ድስት ውስጥ ከፈረሰ፣ የዚያን እግር ዘር ትበላዋለች እንጂ አትዘራውም። እናቷም እንዲያው ነበረች አሉ።"

ተመራማሪዋ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣች። እሷ በማሽንና በሰዓት ስትለካ የኖረችውን እኚያ ሴት ምድጃቸው ዳር ጨርሰውታል።

"ታሳስሪኛለሽ?" አሉ ሽማግሌው።

"ኧረ እባክዎ! ባለቤትዎ ይህን ያውቃሉ?"

"ከየት አውቃ! 'የነዚያ የተማሩት ቦሎቄ መቼ ነው የሚደርሰን?' እያለች ነው የምትጨቀጭቀኝ።"

ስልኳ እንደገና ጠራ፤ ባልደረባዋ ነው። ዝም ይበል አይበል መልሷን እየጠበቀ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተሟገተችባቸው ስብሰባዎች፣ ፀሐይ ያከሰላት ቀናት፣ በስሟ ሊወጣ የተቃረበው የመጀመሪያ ዝርያ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ፊቷ ድቅን አለ። አነሳችው።

"ውጤቱን እንዳለ ላከው። ለኮሚቴውም ለእኔም" ብላ ዘጋች።

ከዚያ የማመልከቻ ቅጹን ከቦርሳዋ አውጥታ ከረጢት ላይ ዘረጋች። "ዝርያውን ያወጣው" ከሚለው ፊት የተጻፈውን የራሷን ስም ሰረዘች።

"የባለቤትዎን ስም ከነአባታቸው ይንገሩኝ" አለች። "ቀስ ብለው፣ ፊደል እንዳልስት።"