መስኮት ቁጥር ሁለት

መምህሩ ከክምሩ ውስጥ አርባ አንደኛውን መጠይቅ መዘው አወጡና መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ገፋ አደረጉ።

"ይህ መላሽ ዕድሜው ሃያ ሦስት ነው" አሉ። "በንግድ ሥራ ላይ የቆየው ደግሞ ሠላሳ ዓመት።"

ተማሪዋ አንገቷን ደፋች።

"ሳይወለድ ሰባት ዓመት ነግዷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ታታሪ ሰው ካለ እኔንም አስተዋውቂኝ።"

የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ከተማ ቤተሰቦች የቁጠባ ልማድና በባንክ ላይ ስላላቸው እምነት ነበር። ለዚህም ስልሳ ሰው መጠየቅ ነበረባት። እሷ ግን ሁለት ቅዳሜና እሁድ አልጋዋ ላይ ተንጋልላ ስልሳውንም ራሷ ወለደቻቸው፣ ዳረቻቸው፣ ሥራ አስያዘቻቸው፣ በመጨረሻም አሰልፋ ባንክ አስገባቻቸው። ጓደኞቿ በብሔራዊ ባንክ ገዥ ማዕረግ "ገዥዋ" ይሏታል። ገንዘብና ባንክ የሚባለውን ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ሽንኩርት ተወደደ ያለ ሰው ከእርማቷ አያመልጥም። ሽንኩርቱ አልተወደደም፣ የገንዘቡ የመግዛት አቅም ነው የወረደው እያለች፣ ብሔራዊ ባንኩን በቦርሳዋ ይዛ የምትዞር ትመስላለች።

"እኔን የገረመኝ ግን ዕድሜው አይደለም" አሉ መምህሩ ወረቀቱን እያስቀመጡ። "ስልሳ ሰው ስለ ገንዘቡ ተጠይቆ የተቆጣ አንድ የለም። እንዲህ ያለ ሕዝብ የት አገር ነው ያለው?"

ፍርዱ አጭር ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮው ይዘጋል። ከዚያ በፊት ሠላሳ እውነተኛ ሰው ከመጣ ጥሩ፤ ካልመጣ የምረቃ ልብሷ ለከርሞ ይቀመጣል።

ሠላሳ ባዶ መጠይቅ ታቅፋ ወጣች። መጀመሪያ ያገኘችው ከግቢው በር ፊት ለፊት የሚሠራውን ጫማ ሰፊ ነው። ሀብትዎን በአብዛኛው በምን መልክ ይይዛሉ የሚለውን ስታነብለት ወስፌውን አስቀምጦ ግራና ቀኝ ቃኘ፤ ማን እንደላካትም ጠየቃት። ዩኒቨርሲቲው ነው ስትለው፣ ዩኒቨርሲቲው የእሱ ገንዘብ ያለበትን ቢያውቅ ምን ሊያደርግለት እንደሆነ አልገባውም። ቢሆንም ደግ ሰው ነበርና እስክሪብቶውን ተቀብሎ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ "ምን አገባሽ" ብሎ ሞላላት። ልትቀደው አሰበች። የመምህሩ ነገር ትዝ ሲላት ግን ቁጥር አንድ ብላ አስቀመጠችው።

ጸጉር ቤት ስትገባ ቀናት። ማድረቂያው ሥር የተቀመጡት ሦስት ሴቶች የትም መሸሽ አይችሉም። ሆኖም ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ የሚመልሱት እየጮኹ ስለነበር፣ ከባሎቻቸው የደበቁትን ሁሉ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሰማው። ቁልፍ ቀራጩ ደግሞ ጥያቄዎቹን አንብቦ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ። ይህን እሱ ቢጠይቅ ኖሮ ዛሬ እስር ቤት ነበር።

ለምሳ ቤት ስትደርስ ሃያ ሁለት ሰው ይዛለች። አክስቷ እንደ ወትሮው ከስፌት መኪናዋ አልተነሳችም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በዚያች መኪና ያሳደገቻት እሷ ናት፤ በሐሰተኞቹ ስልሳዎች ውስጥም ተራ ቁጥር አንድ ላይ "በባንክ ላይ ያላት እምነት፦ በጣም ከፍተኛ" ተብላ ተመዝግባ ነበር።

"በባንክ ይቆጥባሉ?" ብላ አነበበች ልጅቷ።

"እኔን ነው ይቆጥባሉ የምትይው? አልቆጥብም።"

የልጅቷ እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። አክስቷ የባንክ ደብተር እንዳላት ታውቃለች። ምክንያቶቹን በተራ ማንበብ ጀመረች፤ ወለዱ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ቅርንጫፉ ሩቅ ስለሆነ፣ በባንኩ ላይ እምነት ስለሌለኝ።

"የእኔ የለበትም" አለች አክስቷ። የመኪናው ፔዳል ቆመ። "ባንኩ ምን አደረገኝ? መስኮት ቁጥር ሁለት ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ ነው እንጂ።"

ሰውዬው የቀድሞ ባሏ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው ከተለያዩ፤ እሱ ግን ዛሬም መንገዱ ማዶ ካለው ቅርንጫፍ ንቅንቅ አላለም።

"ባስገባ ስንት እንዳገኘሁ ያያል። ባወጣ ቸገራት ይላል።"

"ታዲያ ሌላ ባንክ አትሄጂም?"

"ሸሸች እንዲል?"

ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ያለ መልስ አላገኘችም። "ሌላ ካለ ይግለጹ" ከሚለው ሥር እጇ እየተጣደፈ መጻፍ ጀመረች። አክስቷ እስክሪብቶው ሲሮጥ አይታ ወረቀቱን ከእጇ ላይ አነሳችው፤ አራት ቦታ አጥፋም ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

"ለአንቺ ነው የነገርኩሽ፤ ለዩኒቨርሲቲው አይደለም።"

አሥር ሰዓት ላይ ሃያ ዘጠኝ ሞላ፤ አንድ ሰው ጎደለ። ያገኘችው ሁሉ የቸኮለ ወይም የተቆጣ ነበር። ስለ ገንዘብ ቢጠየቅ የማይቆጣው ማን እንደሆነ ስታስብ አንድ ሰው ብቻ ታያት። መንገዱን ተሻግራ ባንኩ ገባችና መስኮት ቁጥር ሁለት ፊት ቆመች።

"ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ይሰጡኛል?"

ሰውየው ጸጉሩ ሸብቷል፤ ጣቱ ላይ የብር መቁጠሪያ ላስቲክ አጥልቋል። እያንዳንዱን ጥያቄ ማኅተም እንደሚመታ ሰው ፈጠን ፈጠን አድርጎ መለሰ። እምነቱ በጣም ከፍተኛ ነው፤ ሌላ ቢል ያባርሩታል። ሲጨርስ ቀና ሳይል ጠየቀ።

"አክስትሽንም ጠየቅሻት?"

"ጠይቄያታለሁ።"

"ምን አለች?"

ልጅቷ በመጠይቁ አናት ላይ ያለውን መስመር በጣቷ አሳየችው፤ የሚሰጡት መልስ በምስጢር ይያዛል ይላል። የባንክ ሰው ነውና ይህንን አከበረ። ወረቀቱን ሲመልስላት ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ለረጅም ጊዜ ያልተነካ ሂሳብ ወሩ ሲያልቅ ይዘጋል። እንዳይዘጋ ትንሽ ማስገባት ይበቃል። እኔ ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት ዋናው መሥሪያ ቤት ስለምሄድ እዚህ አልኖርም። ምናልባት የሚመለከተው ሰው ካለ ብዬ ነው።"

አሥራ አንድ ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው መምህሩ "ምን አገባሽ" የሚለውን አንብበው መነጽራቸውን እስኪያወልቁ ሳቁ። ሰባት ሰው ተቆጥቷል፤ ሁለቱ ያንቺስ ስንት ነው ብለው ጠይቀዋታል፤ አንዱ ወረቀት ላይ የጸጉር ቅባት ፈስሷል። አሁን ሕዝቡን ለየሁት አሉ። አንድ ነገር ብቻ አልጨበጥ አላቸው።

"ከእነዚህ ውስጥ ባንክ እናምናለን እያሉ ባንክ የማይሄዱ አሉ። ለምን ይመስልሻል?"

ልጅቷ መልሱን ታውቀዋለች። በቃሏ ብትነግራቸው ውጤቷ ከፍ እንደሚል፣ በመምህራኑ ሁሉ ፊት ስሟ በበጎ እንደሚነሳም ታውቃለች። መልሱ ግን ሽርጥ ኪስ ውስጥ ነው።

"ለተጨማሪ ጥናት የተተወ ነው" አለች።

ቤት ስትደርስ አክስቷ ስለ ምረቃው ጠየቀቻት፤ ማለፏን ስትሰማ እሰይ ብላ መረቀቻት። ከዚያ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች፣ ሠላሳኛውን ሰው ከየት እንዳገኘችው ጠየቀቻት። ልጅቷ አልዋሸችም። ስለ አክስቷ አንድ ቃል እንዳልተነፈሰች አስረድታ፣ ሊዘጋ ስለሚችለው ሂሳብና ስለ ማክሰኞ ከሰዓቱ የሰማችውን ነገረቻት።

አክስቷ ክሩ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ አልገባ አላት። ጫፉን በጥርሷ ቆርጣ እንደገና ሞከረች።

"ማክሰኞ ከሰዓት የለም ማለት ነው?"

"የለም።"

"ሰኞስ?"

"ሰኞ አለ።"

አክስቷ ለደንበኛ የተቆረጠውን ጨርቅ ወደ ጎን ገፋ አደረገች፤ ሜትሩን ከአንገቷ ላይ አወረደችና የራሷን ወገብ መለካት ጀመረች።

"እንግዲያው ሰኞ እሄዳለሁ" አለች።