ኮምፒውተሩ ያላየው ካርድ

ልጆቼ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ስጠርዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተቀደደ ገጽ እለጥፋለሁ፤ አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ በፕላስቲክ እሸፍናለሁ። ጡረታ ወጣሁ እንጂ እጄ ጡረታ አልወጣም። ቤታችን ውስጥ ሪሞቱ ሽፍን ነው፣ ሶፋው ሽፍን ነው፣ የግድግዳ ሰዓቱም ሽፍን ነው። ባለቤቴ «እኔን ያልሸፈነኝ ዝም ብዬ ስላልቆምኩለት ነው» ትላለች። ጎረቤቱም «ጋሼ ሸፍን» ነው የሚለኝ።

ልጄ የሕንፃ ሥዕል በኮምፒውተር ትሠራለች። ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ ቤት ውስጥ በር ከፍታ ታስገባሃለች፣ ደረጃውን ታስወጣሃለች። ሥራ ከፈታች ዓመት ከአራት ወር ሆኗት ነበር። ስንት ቦታ አመለከተች፣ ስንቱ «እንደውልልሻለን» ብሎ ቀረ። በመጨረሻ አንድ ቢሮ የክሊኒክ ፕላን ሰጣትና «ተንቀሳቃሽ ሥዕል አድርገሽ ሐሙስ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ላኪልን፤ ከወደድነው ትቀጠሪያለሽ፤ ከረፈደ ግን አንቀበልም» አላት።

ሥዕሉን ጨርሳለች። የቀረው ኮምፒውተሩ ሥዕሉን አንድ በአንድ ቀብቶ ማውጣቱ ነው። ለዚህ ደግሞ ግራፊክስ ካርድ የሚሉት ዕቃ ያስፈልጋል፤ የድሮው በዚያው ሰሞን ተቃጠለባት። ያለ እሱ ሥራው ሁለት ቀን ይፈጃል፤ በእሱ አራት ሰዓት። አክስቷ ከምትኖርበት ከተማ አዲስ ገዝታ በአውቶቡስ ላከችላት። ረቡዕ ሲደርስ ልጄ ክሊኒኩ የሚሠራበትን ቦታ ልታይ ሄዳ ነበር። እኔ ተቀበልኩት። መንገድ ላይ ተጎድቶ እንዳይሆን ብዬ ከፈትኩት፣ አየሁት፣ አሰናዳሁትና ወደ ካርቶኑ መለስኩት።

ሐሙስ ጠዋት ገጠመችው። ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ ካርዱን ግን አያውቀውም። አጥፍታ አበራች። ገመዱን ቀየረች። ፕሮግራሙን አጥፍታ እንደገና ጫነች። የማዘርቦርዱን ባትሪ አውጥታ መለሰች። አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሰዓት ሆነ። ሰፈሩ «ዶክተር» የሚለው ኮምፒውተር ጠጋኝ አለ፤ ደወለችለት።

«ማራገቢያው ይዞራል?» አላት።

«ይዞራል። ዝርዝሩ ውስጥ ግን የለም፤ ጭራሽ አላየውም ነው የሚለው።»

«አውጥተሽ መልሺው።»

«አምስቴ አወጣሁት፣ ወንድሜ።»

«ሲገባ ጠቅ ይላል?»

«ይላል። ትንሽ ይጠባል እንጂ ይገባል።»

«አዲስ ጫማም ይጠባል፣ አትጨነቂ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «እኔ የምልሽ፣ ሱፍ ለብሰሽ ነው የነካሽው? ሱፍ ኤሌክትሪክ ይይዛል። አንዳንዴ ካርድ ይገድላል።»

ልጄ ጎንበስ ብላ ሹራቧን አየችው። አረንጓዴ፣ እናቷ የሠራችላት የሱፍ ሹራብ ነው። ስልኩን ዘጋች፤ ሹራቡን አውልቃ እንደ ሌባ ጥግ ወረወረችው።

«ገደልኩት» አለች። «በገዛ እጄ።»

እናቷ ብርጭቆ ይዛ መጣች። «ልጄ፣ ውኃ ጠጪ።»

«ውኃው ይቀጥረኛል፣ እማዬ?» አለች፤ ወዲያው ደግሞ «ይቅርታ» ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ደርቋል። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ካርዱን አውጥታ ሰጠችኝ። «አባዬ፣ የአንተ ዓይን ጥቃቅን ነገር ያያል። የተቃጠለ ነገር ካለ እስቲ እየው።»

መነጽሬን አድርጌ ወደ መስኮቱ ያዝኩት። ከካርዱ ሥር ተደርድረው ማስገቢያው ውስጥ የሚነክሱ የወርቅ ጥርሶች አሉት። ብርሃኑ እያንዳንዱን ጥርስ ለብቻ አልነካውም፤ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ተንሸራተተ። ያንን ብርሃን አውቀዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በለጠፍኩት ገጽ ሁሉ ላይ አይቼዋለሁ።

አልዋሻችሁም፣ «ላጽዳው» ብዬ ጓዳ ገብቼ በድብቅ ልልጠው አሰብኩ። ማን ያውቅብኛል? ግን ያ ሹራብ ጥግ ላይ ወድቋል።

«ልጄ፣ ሹራብሽ አልገደለውም» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

«እንዴት?»

«ረቡዕ ስከፍተው ወርቁ አሳሳኝ። ጣት እየነካው እንዳይደበዝዝ ብዬ በስሱ የገጽ መለጠፊያ ሸፈንኩት። በሁለቱም በኩል።»

ባለቤቴ ናት ቀድማ የተናገረችው። «አንተ ሰውዬ፣ አፉን አሽገህ ነው ብላ የምትለው?»

ልጄ በጥፍሯ ጫፉን ፈለገች፤ አጣችው። ከሥራዬ ሁሉ ያማረው፣ ዓይን የማያየው፣ ጥፍር የማያነሣው ሥራዬ እሱ ሆኖ አረፈው። «አይነሣም፣ አባዬ» ስትል ድምጿ ተሰበረ።

«ስጪኝ። የሠራው እጅ ያፈርሰዋል።»

እንደ ድሮ ገጽ በትንፋሼ አሞቅሁት፤ ጫፉን ይዤ ቀስ እያልኩ ላጥኩት። አንዱን ጥርስ ብገነጥል ተስፋዋን ገነጠልኩት። የቀረውን ሙጫ እሷ በአልኮል ጠረገችው፤ እስኪደርቅም ቆመን ጠበቅን።

ገባ። «አሁን አልጠበበም» አለች በለሆሳስ። አበራችው። ስክሪኑ ጨለመ፤ ጨልሞም ቆየ። ከዚያ በራ። የካርዱ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ተጽፏል። ልጄ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

ሰባት ሰዓት ከሃያ ነው። ሥራው አራት ሰዓት ይፈልጋል፤ ያላት ሦስት ሰዓት ከአርባ።

«ዛፎቹን አወጣቸዋለሁ» አለች። በክሊኒኩ በር ላይ ቅጠላቸውን አንድ በአንድ የሣለቻቸው ዛፎች ነበሩ። ሰረዘቻቸው። ከዚያ ሦስታችን ሶፋው ላይ ተደርድረን ቁጥሩ ሲጨምር አየን። በተነቃነቅን ቁጥር ፕላስቲኩ ይንኮሻኮሻል፤ ባለቤቴ ዞር ብላ ታየኛለች፤ እኔ መሬት አያለሁ። አሥራ አንድ ሊል አራት ደቂቃ ሲቀረው ላከችው። «ደርሶናል» የሚል አንድ ቃል መጣ።

በሳምንቱ «ዛፍ የለውም እንጂ ጥሩ ነው» ብለው ለሦስት ወር ሙከራ ወሰዷት። መጀመሪያ ሥራ በገባች ቀን፣ ያንኑ አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ ነው የሄደችው፣ ከቢሮ ደወለችልኝ።

«አባዬ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ኮምፒውተር ሰጡኝ።»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ።»

«እኔ ከፍቼ እስክጨርስ» አለች፣ «ልትጠይቀኝ እንዳትመጣ።»