ደቃቁ ባሩድ

አባቴ አርቪድ ባዶ ቀለሃ በባሩድ እየሞላ ጥይት በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ ሁለት የባሩድ ዕቃ በአንድ ጊዜ አይቀመጥም። የቤታችን ሕግ ነው። ባሩድን ከባሩድ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። አንዱ ቶሎ ይነድዳል፣ ሌላው ቀስ ይላል፤ የተሳሳተ ሰው መሳሳቱን የሚያውቀው ጠመንጃው ፊቱ ላይ ሲፈነዳ ነው። ስለዚህ አንድ ጣሳ ከመደርደሪያው ይወርዳል፣ ይሠራበታል፣ መስፈሪያው ውስጥ የቀረው ወደዚያው ጣሳ ይመለሳል፣ ጣሳውም ወደ ቦታው ይወጣል። ሌላው የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው።

በዳኮታ ምዕራብ ከብት እናረባለን። ግጦሹን የሚጨርስብን ፍልፈል ነው። ሜዳውን ይቀዳድደዋል፣ ላሞቹም በጉድጓዱ እግራቸውን ይሰብራሉ። ፍልፈል ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ከሩቅ ስለሚያይ ጠጋ ብለው አይመቱትም። ጠባብ አፈሙዝ ያለው ጠመንጃና አንዱ ከሌላው የማይበላለጥ ጥይት ያስፈልጋል። አባቴ እንዲህ ያለውን ጥይት በመሙላት በአካባቢያችን የታወቀ ሰው ነው። ጎረቤታችን ዊልመር በየጸደዩ ሳጥኖቹን ሊወስድ ሲመጣ፣ "አርቪድ፣ ይሄ እጅህ መቼም አይደክምም!" ይለዋል። በሳጥኑ ክዳን ላይ የባሩዱ ዓይነት፣ የተሞላበት ወርና የሞላው ሰው ስም ይጻፋል። ሁሉም ላይ "አርቪድ" ተብሎ ነው የሚጻፈው።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ግን የአባቴ እጅ ይንቀጠቀጣል። የምሞላው እኔ ነኝ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ያያል፣ ስሙን ክዳኑ ላይ ይጽፋል። ከአባቴ መሬትም ሆነ ከብት ጠይቄ አላውቅም። የምፈልገው አንድ ሳጥን ላይ "ሌፍ" ብሎ እንዲጽፍልኝ ነበር። ይህን ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ ዝናብ ወይም ስለ አጥር ተናግሬ ዘግቼዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ኮልተር ዴንቨር ከተማ ቤት ይሸጣል። ከእናታችን ቀብር በኋላ መጥቶ አያውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ሳይታሰብ መጣ። አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ይዞ ወደ መሙያ ክፍላችን ገባና ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገው። የእኛ ጣሳ ገና እዚያው ላይ ነበር። አባቴ ሁለቱን ጎን ለጎን አያቸውና ለኮልተር ወንበር ሳበለት። እኔ ብሆን ኖሮ ከክፍሉ ያስወጣኝ ነበር።

"ባሩድ ነው፣" አለ ኮልተር፣ ክዳኑን ከፍቶ መዳፉ ላይ ትንሽ እያፈሰሰ። "እይ ሌፍ፣ እንዴት እንደሚፈስ!"

ደቃቅና ድቡልቡል ነበር፤ የሰናፍጭ ፍሬ ይመስላል። የእኛው ደግሞ የተቆራረጠ የእርሳስ ልብ ነው የሚመስለው። መስፈሪያው ውስጥ እየተሰነቀረ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ልኩን ስለሚያዛባም እያንዳንዱን ሙሌት ሚዛን ላይ ማውጣት ግድ ነው። ሥራው ያሰለቻል። ነገር ግን በበረዶም ሆነ በሐሩር ጠባዩን አይለውጥም። አባቴ ለዓመታት ከእሱ ጋር የቆየው ለዚህ ነው።

"ሐምሌ ላይ ከአንድ የሥራ ጓደኛዬ ጋር እመጣለሁ፣" አለ ኮልተር። "ቀኑን ሙሉ ነው የምንተኩሰው። ሌፍ በዚያ በቁርጥራጩ አንድ ሳጥን ሞልቶ እስኪጨርስ ፍልፈሎቹ በእርጅና ይሞታሉ።"

አባቴ ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

"ደቃቁ ሙቀት ላይ ይቆጣል፣" አልኩ።

"ምን ይሆናል?"

"ይቆጣል። ግፊቱ ይጨምራል። አሁን በብርዱ ልክ የሆነው ሐምሌ ላይ ልክ አይሆንም።"

"አየህ አባባ፣" አለ ኮልተር፣ "ከላሞች በቀር የሚያዋራው ስላጣ ከባሩድ ጋር መጣላት ጀመረ።"

"አባባ፣ ያስተማርከኝ እኮ አንተ ነህ።"

አባቴ ወደ እኔ አልዞረም። "ሐምሌ ላይ በእርግጥ ትመጣለህ?" አለው።

"ጥይቱ ከተዘጋጀ ምን ያስቀረኛል?"

"እንግዲያው በዚህ እንሞላለን።"

የእኛን ጣሳ ራሱ አንስቶ መደርደሪያው ላይ አወጣው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ጣሳው ሁለት ጊዜ ከእንጨቱ ጋር ተጋጨ።

በማግስቱ ጠዋት ሞከርነው። ቦዩ ውስጥ ገና በረዶ ነበር። ኮልተር ፍጥነት ስለፈለገ አባቴ መስፈሪያውን የጥይት ልክ መጽሐፋችን እስከሚፈቅደው ጫፍ ድረስ ከፍ አደረገለት። የተተኮሱት ሦስቱም ጥይቶች ወረቀቱ ላይ አንድ ቀዳዳ ሠሩ። ኮልተር አባቴን አቅፎ ከመሬት አነሳው። እኔም አጨበጨብኩ፤ አተኳኮሱ በእውነት ያምር ነበር።

ግንቦት ላይ ሞቅ ያለ ቀን መጣ። ጥቂት ጥይቶች የመኪናችን መስታወት ሥር ለፀሐይ አስቀምጬ ከሰዓት በኋላ ተኮስኳቸው። የጠመንጃው መቀርቀሪያ እንቢ ስላለኝ በመዳፌ መትቼ ከፈትኩት። ቀለሃው ሲወጣ ከሥሩ ያለችው እሳት ጫሪ ሳንቲም መስላ ተጨፍልቃለች። ቀለሃውን ወስጄ አባቴ እጅ ላይ አኖርኩት።

መብራት ሥር ይዞ አገላበጠው። ግፊቱ ከልክ ማለፉ ወዲያው ገባው፤ ፊቱ ላይ አየሁት።

"ትንሽ እንቀንሰው፣" አልኩ። "ወይም ወደ ቁርጥራጩ እንመለስ። እስከ ሐምሌ እደርሳለሁ፤ ማታ ማታም ቢሆን እሠራለሁ።"

"ኮልተር ፍጥነቱን ወዶታል።"

"ፊቱንም ይወደዋል አባባ።"

"ጥላ ውስጥ አስቀምጡት እንላቸዋለን። ኮልተር ሕፃን አይደለም።" ቀለሃውን ወደ ቆሻሻው ጣለው። ከዚያ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። "በእነዚህ ላይ ያንተን ስም ጻፍ። የሞላኸው አንተ ነህ፣ እውነቱ ይጻፍ።"

ስለ ሙቀቱ ልጨምር ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። ጎንበስ ብዬ "ሌፍ" ብዬ ጻፍኩ። በየሳጥኑ ላይ ጻፍኩ፤ ፊደሎቹ እኩል እንዲሆኑ እየተጠነቀቅኩ።

ሐምሌ ላይ መጡ። ብረት በባዶ እጅ የማይነካበት ሙቀት ነበር። አባቴ ታጣፊ ወንበሩን መኪናው ጥላ ውስጥ ዘርግቶ ተቀመጠ። "ጥይቱን ጥላ ውስጥ፣" አለ አንድ ጊዜ። ኮልተርና ጓደኛው ሳጥኖቹን የመኪናው አፍንጫ ላይ ደርድረው መተኮስ ጀመሩ። አፈሙዛቸው እስኪግል ድረስ አላረፉም። ሳጥኖቹን አንስቼ መኪናው ሥር አስገባኋቸው። ኮልተር መልሶ አወጣቸው። ደግሜ አስገባኋቸው።

"እንቁላል አደረግከው እንዴ? አይፈለፈልም፣ ተወው!" አለኝ። ጓደኛው ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። አንደኛው ተኩስ ድምፁ ተለየ፣ ኮልተርም ጮኸ። ጠመንጃውን ለቅቆ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ለተኩስ ዓይኑ ላይ ያደረገው መነጽር ተሰንጥቋል፤ ጉንጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ተረጭቶበት ከመሃሉ ደም ይወጣል። ውሃ አፈሰስንበት። ዓይኑን ገለጠ፤ ያያል። የጠመንጃው መቀርቀሪያ ግን ተጣብቆ ቀረ፤ በመዶሻ መትተን ስንከፍተው የቀለሃው እሳት ጫሪ ተበስታ ነበር።

ጓደኛው አንዱን ሳጥን አንስቶ ክዳኑን አነበበ። "ሌፍ ማነው?" አለ።

ኮልተር ጉንጩ ላይ ከያዘው እርጥብ ጨርቅ በላይ አየኝ። እኔ ያየሁት አባቴን ነበር። አንዲት ቃል ነበረች የምጠብቀው፤ "ነግሮኝ ነበር" እንዲል። ረጅም ንግግር አልፈለግኩም። ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።

"ሌፍ ገና እየተማረ ነው፣" አለ።

"እየተማረ ከሆነ ለምን ታስነካዋለህ? ሊያሳውረኝ ነበር እኮ!"

"አይደገምም። የሚመጣው ዓመት ራሴ እሞላልሃለሁ።"

"በዚህ እጅህ?"

"በዚህ እጄ። አንተ ብቻ ና።"

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። አባቴ አጥሩ በር ድረስ ሸኛቸው፤ አቧራው እስኪጠፋ እዚያው ቆመ።

በማግስቱ የቀሩትን ጥይቶች አንድ በአንድ ፈታሁ። አረሩን ለብቻ፣ ቀለሃውን ለብቻ አደረግኩ። ባሩዱን የእናቴ አበባ መደብ ላይ በተንኩት። የማይፈለግ ባሩድ እኛ ዘንድ እንደ ማዳበሪያ አፈር ላይ ነው የሚጣለው። አባቴ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"ነግረኸኝ ነበር። አውቃለሁ፣" አለ።

"ታዲያ ትናንት ለምን አላልክም?"



"ልኩን አልቀንስም ያልኩት እኔ ነኝ ብል ከእኔ ጋር ይቀያየማል። እንደገና አይመጣም።" አፈሩን በጫማው ነካ ነካ አደረገው። "አንተ ግን የትም አትሄድም።"

ይህን ሲል እንደ ምስጋና ነበር ያለው።

የዘንድሮው ጸደይ ወደ ቁርጥራጩ ተመለስን። እኔ እመዝናለሁ፣ እሞላለሁ፤ አባቴ ስሙን ይጽፋል። አሁን ፊደሉ ከመስመር እየወጣ ስለሆነ ለመጻፍ እኔ ከምሞላው በላይ ጊዜ ይወስድበታል። ኮልተር ስልክ ደውሎ ሥራ እንደበዛበት ነገረው። ለሐምሌ አይመጣም። አባቴ የኮልተርን ሳጥኖች ለብቻ ደርድሮ አስቀምጧቸዋል።

ዊልመር እንደ ልማዱ መጣ። አንድ ጥይት አውጥቶ ወደ መስኮቱ አነሳና፣ "አርቪድ፣ ይሄ እጅህ መቼም አይደክምም!" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንተስ ሌፍ? ወንድምህን ልታሳውረው ነበር አሉ። ከእንዲህ ያለ ሰው ሥር ቁጭ ብለህ መቼ ነው የምትማረው?"

አባቴ ክዳን ይከድን ነበር። ከድኖ ሲጨርስ ከፈተው፣ እንደገና ከደነው።

የዊልመርን ሳጥኖች ተሸክሜ ወደ መኪናው ወሰድኩለት።

"የትም ብታስቀምጣቸው ግድ የለም፣" አልኩት። "ይሄኛው ሙቀት አይፈራም።"

"አባትህ ነገረህ?" አለኝ።

"አዎ፣" አልኩት።