የወንድም አፍ

ታላቅየው አናጢ የጉሮሮ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሲመለስ ድምፁ አብሮት አልመጣም። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። ያንን የሚያነብ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ። በመጋዝ ማሽን ጩኸት ውስጥ አንዱ የሌላውን ከንፈር እያየ ነው አብረው ያረጁት። ስለዚህ ታላቅየው በከንፈሩ ይላል፣ ታናሽየው ለሰው ያደርሳል።

አብሯቸው የሚሠራው ቀለም ቀቢ ለታናሽየው ስም አወጣለት።

«ነቢዩ፣ ነገ ይዘንብ እንደሆነ እስቲ ንገረን። ቫርኒሹ እንዳይበላሽብኝ።»

«የነገን እኔ ምን አውቄ።»

«ታዲያ ምኑን ነቢይ ሆንክ?»

ታናሽየው መላጊያውን አስቀመጠ። «አባታችን ሲነግረን ሙሴ አፈ ኮልታፋ ነበር። ‹ወንድምህ አሮን ነቢይ ይሆንልሃል› ተባለ። ነቢይ ማለት አፍ ነው። የላኪውን ቃል ያደርሳል፤ ከራሱ አይጨምርም።»

«አንተ ግን ትጨምራለህ።»

ሳቁ። ሐሰት አልነበረም። ታላቅየው ስለ ደንበኛው «ይሄ ገብጋባ ከዓይኔ ይጥፋ» ሲል፣ ታናሽየው «ጋሼ ‹ትንሽ ብትጨምር› ይላል» ብሎ ያደርሳል። ታላቅየውም ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። ሥራው ሰመረ። የታናሽየው ምላስም ማለስለስ ለመደ።

ታላቅየው አንዲት ልጅ ነበረችው። እሱ ያልወደደውን ሰው ስላገባች በሩን ዘግቶባት ኖሯል። መታመሙን ሰምታ ብርቱካን በፌስታል ይዛ መጣች። አባቷ ከዎርክሾፑ ጀርባ ካለችው ክፍል ተኝቷል። ሲያያት ከንፈሩ አንድ ጊዜ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«አባዬ ምን አለ፣ አጎቴ?»

ያለው «አውጣት» ነበር።

ታናሽየው ልጅቷን አያት። በልጅነቷ የሰጋቱራ ክምር ላይ እያንከባለለ ያሳደጋት እሱ ነው።

«እንኳን መጣሽ፣ ይቅር ብዬሻለሁ ይላል።»

ተደፍታ የአባቷን እግር ሳመች። እግሩ ሸሸ። ቀና ስትል ፊቱ የደረቀ ጣውላ ሆኗል። ከዚያ እጁን ወደ በሩ ዘረጋ። ይሄንን ማንም ያነበዋል።

ፌስታሉን ወንበሩ ላይ ትታ ተነሳች። «ባትዋሸኝ ይሻል ነበር፣ አጎቴ። የሱን ክፋት ችዬው ነበር የመጣሁት። ያንተ ደግነት ግን አዋረደኝ።»

ክረምቱ ሳይወጣ የታላቅየው ሕመም ተመለሰበት። አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ዝም ባለበት ታላቅየው የአልጋውን እንጨት አንኳኳ። ታናሽየው ጎንበስ አለ።

«ልጄን ጥራልኝ። በደልኳት በላት።»

ያየውን አላመነም፤ እንዲደግምለት ለመነው። ታላቅየው ደገመለት።

ታናሽየው እዚያው ሆኖ ደወለላት።

«አባትሽ ነይ ይልሻል። በደልኳት ብሏል።»

«አንተ ነህ ያልከው» አለችው።

«በአባቴ አጥንት፣ የሱ ቃል ነው።»

«ያኔም የሱ ነው ብለኸኝ ነበር። አልተቀየምኩህም፣ አጎቴ። ግን ሁለተኛ እግሩን ልስም መጥቼ እግሩ አይሸሸኝም።»

«ቆይ፣ ራሱ ይንገርሽ።» ስልኩን ወደ ታላቅየው አፍ አስጠጋ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ደግሞ ተንቀሳቀሰ። በስልኩ የተሻገረው ትንፋሽ ብቻ ነበር። መስመሩ ተዘጋ።

በማግስቱ ቤቷ ድረስ ሄደ። ባሏ ከደጃፉ አላሳለፈውም። «ተዋት። የዛን ቀን እንዴት ሆና እንደገባች እኔ ነኝ ያየሁት» አለው።

ሲመለስ ታላቅየው በትራስ ተደግፎ በሩን ያያል። ፂሙን ተላጭቷል፤ ቀለም ቀቢው ነው የላጨው። ከንፈሩ «ምን አለች?» አለ።

ታናሽየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የለመደው ለስላሳ ቃል አፉ ድረስ መጣ። ዋጠው።

«አልመጣም ብላለች፣ ጋሼ። የኔ ቃል መሰላት።»

ታላቅየው ወንድሙን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እዚያ በኩል ሆኖ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ ታናሽየው ማየት አልቻለም።