የእኔና የነፋሱ

የክሬኑ መሰላል መቶ ስልሳ ስምንት ደረጃ አለው። በየሃያ አራቱ ደረጃ አንድ ማረፊያ አለ፤ ሰባተኛው ማረፊያ የካቢኑ በር ነው። ዘጠኝ ዓመት ስወጣ ስወርድ አንድም ቀን አልቆጠርኩትም። የቆጠርኩት ጋሽ ፉጨት እግሬን በእጃቸው እየያዙ፣ እንደ ሕፃን አንድ በአንድ ደረጃው ላይ እያስቀመጡ ካወረዱኝ በኋላ ነው።

ጋሽ ፉጨት ከታች ሆነው ጭነት የሚያሳስሩና ምልክት የሚሰጡኝ አዛውንት ናቸው። ሬዲዮ ከመምጣቱ በፊት በፉጨት ይሠሩ ስለነበር ስሙ እዚያው ቀረባቸው። ያን ቀን በአርባ አራት ሜትር ከፍታ ላይ እጆቼ የመቆጣጠሪያውን ዘንግ እንደያዙ ደረቁ። መንጠቆው ባዶ ነበር። የተበላሸ ነገር የለም፤ የጮኸብኝም የለም። አርባ ደቂቃ ሙሉ መነሳትም መናገርም አቃተኝ።

ታች ስደርስ ሥራ የያዘ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ቆሞ ያያል። ብረት አጣፊው ቀደመ።

«ድመት ናታ! መውጣት እንጂ መውረድ የት ታውቅበታለች!»

«ቆይ፣ ወረደ ነው የሚባለው ወይስ ተዋረደ?» አለ ሌላው።

ሳቁ ከአርማታ ማቡኪያው ድምፅ በለጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ድመቱ ሆነ።

በማግስቱ ታላቅ ወንድሜ ደወለ። «አንተ፣ ወንድ አይደለህም እንዴ? ጥርስህን ነክሰህ ተመለስ!» አለኝ። ጥርሴንማ ነክሼ ነበር። መንጋጋዬ እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ ዳቦ ማኘክ አልቻለም። ጥርስ መንከስ ቢበቃ ኖሮ ያን ቀን እኔን የሚያህል ጀግና አይገኝም ነበር።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። እሷ አልመከረችኝም፣ አላባበለችኝም። በአራተኛው ቀን የሸሚዝ ኮሌታ እየገለበጠች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ያን ቀን ነፋስ ነበር?»

በየአሥር ደቂቃው የነፋስ መለኪያ እያነበብኩ የምመዘግብ ሰው፣ ነፋስ ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር። ከሳቁም ከቅጽል ስሙም በላይ ያሳፈረኝ ይህ ነው። ሰው ይፈራል። የሚፈራውን ሳያነብ መፍራት ግን የሥራ ጉድለት ነው።

«ታዲያ ምኑን ነው የፈራኸው?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

«በል እወቀው። እኔ ላልተለካ ሰው ልብስ አልሰፋም።»

ደብተር ገዛሁና ገጹን ከላይ እስከ ታች በመስመር ለሁለት ከፈልኩት። በቀኝ «የእኔ»፣ በግራ «የነፋሱ» ብዬ ጻፍኩ። ለስምንት ሳምንት በየማለዳው፣ ሠራተኛ ሳይገባ፣ መሰላሉን ወጣሁ። መጀመሪያ እስከ ሁለተኛው ማረፊያ፣ ቀጥሎ እስከ ሦስተኛው። ሕጌ አንድ ነበር፦ ፍርሃቱ ውረድ እያለኝ አልወርድም። ቁጭ እላለሁ፣ እጽፋለሁ፤ ሲለቀኝ በራሴ ጊዜ እወርዳለሁ።

ፍርሃቴ ሥርዓት ያለው ሆኖ ተገኘ። ሁልጊዜ የሚጀምረው በግራ ባቴ ነው፤ ሥጋው ከውኃ እንደወጣ ዓሣ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ምላሴ ይደርቃል፣ ከዚያ ጆሮዬ ይደፈናል። እጄን የሚይዘኝ መጨረሻ ላይ ነው። ከባቴ እስከ እጄ አራት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በአራት ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ሰው ብዙ ይሠራል። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ ጊዜ መጣ፤ በስምንተኛው ሁለት ጊዜ። አልጠፋም። እንዲጠፋም አልጠበቅሁም። መንገዱንና ሰዓቱን ግን አወቅሁበት።

ፎርማኑ ወደ ካቢኑ የመለሰኝ በሰው ፊት ነው።

«አንድ ወር ሙከራ ነህ። ጭነት አላነሳም ካልክ፣ ወይም እንደዚያ ቀን ላይ ከቀረህ፣ ወንበሩ የጺማሙ ነው።»

ጺማሙ በእነዚያ ሳምንታት በእኔ ቦታ የሠራው ተተኪ ኦፕሬተር ነው፤ ቀልጣፋ፣ ለአለቃ ሁሉ እሺ ባይ። ወንበሩን ግን እፈልገው ነበር። ከዚያ ወንበር ሌላ በደንብ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ሃያ ሰባት ቀን በሰላም አለፈ። በሃያ ስምንተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አርማታ የሚሞላበት የጣውላ ግድግዳ መነሳት ነበረበት። አንዱ ስድስት በር ያህላል፤ ነፋስ ሲያገኘው የጀልባ ሸራ ነው። የክሬኑ መመሪያ እንዲህ ያለውን ጭነት፣ ነፋሱ በሰዓት ከሠላሳ ኪሎ ሜትር ካለፈ፣ አታንሳ ይላል። መለኪያው ሠላሳ አራት አሳየ። ቀጥሎ አርባ አንድ።

«አንሳ!» አለ ፎርማኑ በሬዲዮ። «አርማታው መንገድ ላይ ነው!»

«ነፋሱ አርባ አንድ ነው። አይነሳም።»

ሬዲዮው የሁሉም ነው፤ ሳይቱ በሙሉ ይሰማል።

«ነፋሱ ነው ወይስ አንተ ነህ?»

ለመስደብ የተጠየቀ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ስምንት ሳምንት ያጠናሁት ጥያቄ ነበር። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ባት፣ ጸጥ ያለ። ምላስ፣ እርጥብ። ጆሮ፣ ክፍት፤ በሬዲዮው ውስጥ የብረት አጣፊውን ሳቅ ከሌላው ሳቅ እለያለሁ። በግራው ዓምድ አርባ አንድ።

«ነፋሱ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ውረድ! ጺማሙ ይወጣል!»

ነገሩ የከበደው እዚህ ላይ ነው። ብወርድ ጺማሙ ያነሳዋል። ጭነቱ የሚያልፈው አሥራ አራት ሰው ብረት ከሚያስርበት ወለል በላይ ነው። ባልወርድ ደግሞ ከታች የሚታየው ያው የያን ቀኑ ነገር ነው፦ ሰውየው ላይ ቀርቷል፣ አይወርድም። ልዩነቱ ያለው ደብተሬ ውስጥ ብቻ ነው። ደብተር ደግሞ ከአርባ አራት ሜትር አይነበብም።

አይነበብ።

ባዶውን መንጠቆ ወደ ላይ ሰበሰብኩ። የክሬኑ ክንድ ነፋሱን ሳይታገል አብሮት እንዲዞር የመዞሪያውን ፍሬን ለቀቅሁ።

«አልወርድም» አልኩ።

«ድመቱ ቀረ!»

«ወተት አሳዩት፣ ይወርዳል!»

ጋሽ ፉጨት ሬዲዮውን ያዙ። «ልጄ፣ ልምጣ?»

«አይምጡ ጋሼ። ጉልበትዎን ይቆጥቡት።»

«እግርህስ?»

«ተኝቷል።»

«በል፣ እኔም ሻይዬን ልጠጣ» አሉና ዘጉት። ያን ቀን ያመኑኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ባያምኑኝም አልወርድም ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ባቴ ተንቀጠቀጠ። በቀኙ ዓምድ ከነሰዓቱ ጻፍኩት። «መጣህ? ቁጭ በል፣ ሥራ ላይ ነን» አልኩት። ምላሴ መድረቅ ጀመረ፤ እሱንም ጻፍኩ። ጆሮዬ ጋ ሳይደርስ ተመለሰ። በሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ነፋሱ ሃያ ሦስት ሆነ፤ ለሌላ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁት፤ አልጨመረም።

«ሃያ ሦስት ነው። እሰሩልኝ።»

ግድግዳዎቹን አንድ በአንድ አንስቼ በየቦታቸው አስቀመጥኩ። አንዱም አልተወዛወዘም።

ስወርድ ፎርማኑ በቆርቆሮ ቢሮው ውስጥ ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። «በፍርሃት ምክንያት መውረድ አቅቶት ሥራ ያስተጓጎለ» ይላል። ድምፁ ለስልሷል።

«ፈርምና እንገላገል። ሕመም ነው ብለን እናልፈዋለን፤ ወንበርህ አይነካም። ሰው ነህ፣ ትታመማለህ።»

«እኔ እኮ እምቢ ነው ያልኩት።»

«እምቢ ካልክማ ትእዛዝ መጣስ ነው። ያኔ ወንበሩን እርሳው። ምን አስቸገረህ? አንዲት ቃል ናት።»

እውነቱን ነው፤ አንዲት ቃል ናት። ከሦስት ወር በፊት ይህችኑ ቃል የያዘ ወረቀት ሲያቀርብልኝ ያለ ክርክር ፈርሜያለሁ፤ ያኔ አቅቶኝ ነበርና። ዛሬ ብፈርም ካቢኑ የእኔ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ነፋስ በተነሳ ቁጥር አይነሳም ስል፣ መልሱ በገዛ እጄ ተፈርሞ መሳቢያው ውስጥ ተቀምጧል።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። «በፍርሃት» የሚለውን ሰርዤ «በነፋስ» ብዬ ጻፍኩ። «አቅቶት» የሚለውንም ሰረዝኩ፤ በላዩ «እምቢ ብሎ»። ፈረምኩ። የደብተሬን ገጽ ቀድጄ አያያዝኩለት፤ ሁለቱንም ዓምድ፣ ከነባቴ።

አነበበው። «ፍርሃትህንም ጨምረህ ትሰጠኛለህ?»

«የራሴ ነው። አላፍርበትም።»

ከማግስቱ ጀምሮ ወንበሩ የጺማሙ ሆነ። እኔ ከጋሽ ፉጨት ጎን ቆሜ ሬዲዮ ያዝኩ። ባለቤቴ ስትሰማ የጠየቀችኝ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ ብቻ ነው። ነገርኳት። «ልኩን አውቀኸዋል» አለችና ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች። ብረት አጣፊው ግን አልተወኝም።

«ድመቱ መሬት ለመደ!»

«ድመት ስትወድቅም በእግሯ ነው» አልኩት።

በዘጠነኛው ቀን ነፋሱ ተነሳ። አንድ የጣውላ ግድግዳ ታስሮ መንጠቆው ገብቶለታል። የጺማሙ ድምፅ ከላይ መጣ፤ ቀጥኗል።

«ሠላሳ ስምንት ነው የሚለው… ላንሳ?»

ፎርማኑ ከኋላዬ ነበር። «አንሳ በለው» አለኝ።

ሬዲዮውን ወደ አፌ አስጠጋሁ። «ወንድሜ፣ እግርህ እንዴት ነው?»

ሳይቱ በሙሉ እየሰማ፣ «ይንቀጠቀጣል» አለ።

ብረት አጣፊው የያዘውን ብረት አስቀምጦ ወደ ላይ አየ።

«እሱ የአንተ ነው፤ አትጣላው፣ ይሄዳል» አልኩት። «ሠላሳ ስምንቱ ግን የነፋሱ ነው። አይነሳም። ማሰሪያው እስኪፈታልህ ምንም አትንካ፤ ቁጭ በል።»

«ሬዲዮውን አምጣ!» ፎርማኑ እጁን ዘረጋ።

ጋሽ ፉጨት ጎንበስ ብለው ማሰሪያውን ከመንጠቆው ማላቀቅ ጀምረው ነበር። የተዘረጋውን እጅ አየሁት። ሬዲዮውን አልሰጠሁትም።