ኮሰረት የሸተተው ጉድጓድ

እትዬ ሙሉሸዋ ቆሻሻ አይወዱም። የሚወድ ማን አለ ትሉ ይሆናል፤ እሳቸው ግን አንዲት ፀጉር ወለል ላይ ካዩ ያን ቀን ቁርስ አይወርድላቸውም። ታዲያ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ በሰው አገር ማርቲንዴል ያለው ቤታቸው ቤዝመንት በሽንት ቤት ፍሳሽ ሲጥለቀለቅ፣ ጥፋተኛ ለመፈለግ አልደከሙም። ታች የተከራየችው ዙበይዳ ናት፤ ልጇን የምትጠርግበትን ዋይፕ ሽንት ቤት እየጨመረች ነው።

“ወላሂ አልጨምርም” ብትል ማን ሰምቷት። “ወሩ ሲያልቅ ቤቱን ልቀቂ” አሏት። ይሄም አልበቃቸውም፤ ለዒድ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉበት የያዙትን ቁጥር አውጥተው ኮምቦልቻ እናቷ ዘንድ ደወሉ። “ልጅሽን ንጽህና ሳታስተምሪ ነው የላክሽብን?” አሉ።

የቧንቧ ሠራተኛው ኪራኮስ በፍሳሽ መውረጃው ፓይፕ ካሜራ ሰዶ አየና፣ “እትዬ፣ ግቢው ላይ ፓይፑ መሀሉ ሰምጧል። እዚያ የሆነ ነገር ተጋግሮበታል፤ መቆፈር አለበት” አለ።

በማግስቱ ጠዋት ከቁመቱ የሚበልጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ግድግዳውን በሳንቃ ደግፎ ገባበት። እትዬ ሙሉሸዋ ነጠላቸውን አፍንጫና አፋቸው ላይ አድርገው አፋፉ ላይ ቆሙ። አረጋውያን ከምትንከባከብበት ኬር ሆም ሺፍቷን ጨርሳ ገና የገባችውን ዙበይዳንም ከነልጇ ጠሯት።

“ነይ፣ ጉድሽን እዪ!”

ፓይፑ ሲቆረጥ ጥቁር ውሃ እየተንቦራጨቀ ወጣ። ግማቱ ጉሮሮ ይይዛል። ኪራኮስ ከውስጥ የፋቀውን በባልዲ ሞልቶ አቀበላቸው፤ ግራጫ፣ ዝልግልግ፣ ፀጉርና የወረቀት ብጥስጣሽ የተሰገሰገበት አስቀያሚ ጓል።

“ዋይፑስ?” አሉ እትዬ ሙሉሸዋ።

“አንድም የለም። ይሄ ስብ ነው እትዬ።”

ባልዲው ውስጥ ያለውን በእንጨት ሰነጠቁት። ከዚያ ሁሉ ግማት መሀል ኮሰረት ሸተተ። ኮረሪማም።

የሳቸውን ንጥር ቅቤ ፍለጋ ከሌላ ከተማ፣ ከኮክረን ድረስ ሰው መኪና እየነዳ ይመጣል። ዝቃጩን የት እንደሚደፉት ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ሲንክ ውስጥ ነው፤ የፈላ ውሃ ይለቁበታል፣ ውሃው ጠርጎ ይወስደዋል ብለው። ወስዶታል፤ ደጃፋቸው ድረስ። እዚያ ቀዝቃዛው አፈር ሥር ረግቶ፣ የቤቱን ዓይነ ምድር ሁሉ እየጠቀለለ ሲጠብቃቸው ኖሯል።

እትዬ ሙሉሸዋ አጥሩ ሥር ሄደው ያለ የሌለውን አስመለሱ። በሰው ሲጸየፉ የከረሙት የገዛ እጃቸውን ሥራ ነው። ሲመለሱ ዙበይዳ ባልዲውን ትክ ብላ እያየች ነበር። ወሎ ተወልዳ ኮሰረት አይጠፋትም።

“አትለቂም በቃ። ይቅር በይኝ” አሉ መሬት መሬቱን እያዩ።

ዙበይዳ ልጇን ወደ ሌላው ክንዷ አዛውራ ስልኳን አወጣች፣ ደወለች፣ ስፒከር ላይ አደረገችና ዘረጋችላቸው።

“ለእኔ ሳይሆን ለእማዬ ይንገሩልኝ፣ እትዬ ሙሉሸዋ።”

“እትዬ ሙሉሸዋ ናቸው?” አለ የእናትየው ድምፅ። “ወይ ጉዴ! ደሞ ምን አደረገች? ያን ቀን ከነገሩኝ ወዲህ እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ስድ አሳድጌ ላኩብዎ፤ በአላህ ይቅር ይበሉኝ።”

ኪራኮስ ጉድጓዱ ውስጥ አካፋውን አቆመ።

“እህቴ፣ ቆሻሻው የኔ ነው” አሉ እትዬ ሙሉሸዋ።

“አልተሰማኝም፤ የማን አሉኝ?”

ነጠላውን ከአፋቸው ላይ አነሱ። ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኹ።

“የኔ! ቆሻሻው የኔ ነው!”